ጋዙ ወጣ፤ ሰልፉስ?

አማርኛችን «ጋዝ» የምትለዋን ቃል ያለ ርኅራኄ ነው የሚያሠራት። እናቶቻችን ጋዝ ሲሉ ላምባ ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ «ጋዝ አለቀብኝ» የሚል ሰው ሲሊንደሩ ባዶ ሆኖበታል። ተከፍቶ የቆየ ለስላሳ «ጋዙ ወጥቶበታል» ይባላል። መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ሸክም ተጨመረባት። በሶማሌ ክልል የካሉብ የፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ ማምረቻ የመጀመሪያ ምዕራፍ ተመረቀና ስልኬ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ «ጋዝ አወጣን» አለ። ከሰዓት በኋላ «ጋዝ አወጣን» የሚለው «ነዳጅ አወጣን» ሆነ። ማታ ላይ «ከእንግዲህ የማንንም ደጅ አንጠናም» ሆኖ አረፈው።

ጠቤ ከዚህች ከማታዋ ዓረፍተ ነገር ጋር ነው። ከጋዙ ጋር ጠብ የለኝም፤ መውጣቱ ደስ ይለኛል። ግን ከመሬት ማውጣት አንድ ነገር ነው፣ የኃይል ዋስትና ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያውን ስላገኘን ሁለተኛውም ያለን ከመሰለን፣ ሁለተኛውን መሥራት እንተዋለን። ይሄ ነው የሚያስፈራኝ።

በመጀመሪያ ስለ ዕቃው እንነጋገር። ከካሉብ የሚወጣው በአብዛኛው ሚቴን ነው። ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ድረስ ሲቀዘቅዝ ፈሳሽ ይሆናል፤ የሚይዘው ቦታም ወደ 600 ጊዜ ያህል ይቀንሳል። ቅዝቃዜውን ጠብቆ በሚያቆይ ልዩ ቦቴ ይጫናል። ቤንዚን ሌላ ነው፣ ናፍጣም ሌላ ነው፣ ሲሊንደር ውስጥ የሚሞላው ቡታጋዝም ሌላ ነው። ቪትዝም ባጃጅም ይህን ጋዝ እንደ ቤንዚን አይጠጡትም። ለጋዝ የተሠራ ወይም የተቀየረ ሞተር፣ ለጋዝ የተሠራ ታንከር፣ ለጋዝ የተሠራ ማደያ ይፈልጋል። በዚያው ዕለት ለጎዴ የነዳጅ ማጣሪያ የመሠረት ድንጋይ ተቀምጧል፣ አውቃለሁ። የመሠረት ድንጋይ ግን ቤንዚን አያጣራም።

ቀጥሎ ቁጥር። ኢንጂነሪንግ የተማረ ሰው ሁሉ አጠገቡ ካልኩሌተር ሲኖር ዝም ማለት አይችልም፤ ይቅርታ አድርጉልኝ። የመጀመሪያው ምዕራፍ በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ ጋዝ ያመርታል ተብሏል። አንድ ሊትር ፈሳሽ ጋዝ የሚይዘው ኃይል የአንድ ሊትር ናፍጣን 60 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ 111 ሚሊዮኑ በናፍጣ ሲመነዘር ወደ 67 ሚሊዮን ሊትር ይሆናል። አገሪቱ በዓመት የምትጠቀመውን ነዳጅ በጣም ዝቅ አድርገን 3 ቢሊዮን ሊትር ብቻ ነው እንበል፤ እውነተኛው ከዚህ ይበልጣል። 67 ሚሊዮኑ የስምንት ቀን ፍጆታ ነው። ዓመቱን ሙሉ ተመርቶ፣ አንድ ጠብታ ሳይባክን፣ ሁሉም ሞተር ጋዝ የሚጠጣ ሆኖ፣ ስምንት ቀን! ሁለተኛው ምዕራፍ በዓመት 1.33 ቢሊዮን ሊትር ያመርታል የተባለው ሲደርስ ሌላ ጨዋታ ይሆናል፤ ያኔ በወር የሚቆጠር ነገር ይኖረናል። እስከዚያ ግን የተመረቀው የስምንት ቀኑ ነው።

ይህን ለአጎቴ ለማስረዳት ሞክሬ ነበር። አጎቴ ሜትር ታክሲ ነው የሚነዳው። ማደያ ሰልፍ ላይ ሆኖ ደወለልኝ፤ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጀምሮ እዚያ ነው።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ወጣ የተባለው ጋዝ እኛ ጋ መቼ ነው የሚደርሰው?»

«ጋሼ፣ እሱ ለእርስዎ መኪና አይሆንም።»

ዝም አለ። ከኋላው ጥሩምባ ይሰማኛል።

«ታዲያ ምኑን ነው የምታጨበጭቡት?»

በዚያ ወር ሰልፍ ያልያዘ ሰው በሃይላንድ የተቀዳ ቤንዚን ከመንገድ ዳር በእጥፍ ይገዛ ነበር። አጎቴ የኃይል ዋስትናን ትርጉም አንብቦ አያውቅም፤ ግን ከብዙ ተንታኝ በተሻለ ገብቶታል። የኃይል ዋስትና የሚባለው ነገር፣ አንድ ነገር ሲበላሽ ታክሲው፣ ቦቴው፣ አምቡላንሱ፣ የወፍጮ ቤቱ ሞተር ስንት ቀን መንቀሳቀስ ይችላሉ የሚል ጥያቄ ነው። ቀኑን ነው የምንቆጥረው። ከመሬት በታች ያለውን ትሪሊዮን ኪዩቢክ ጫማ መቁጠር ሌላ ስፖርት ነው።

ኮድ ጽፌ ነው የምበላው። በእኛ ሥራ አንድ ሰርቨር ሲወድቅ ሁሉም ነገር አብሮ የሚወድቅ ከሆነ፣ «ግን እኮ ሰርቨሩ የራሳችን ነው» ብሎ የሚከራከር ሰው ስብሰባ ላይ አይቀመጥም። መጀመሪያ የሚጠየቀው «ይሄ ቢወድቅስ?» ነው። ሁለተኛ መስመር አለ? መጠባበቂያ አለ? መጠባበቂያው ተሞክሮ ያውቃል? ስንት ሰዓት ያቆየናል? ባለቤትነት ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ አይሆንም።

አሁን ይህንን ጥያቄ ወደ ነዳጃችን እናምጣው። ከኩዌት የተጫነ ናፍጣ የሆርሙዝን ሰርጥ አልፎ፣ በኤደን ባሕረ ሰላጤ አድርጎ ጅቡቲ ይደርሳል። ከጅቡቲ በቦቴ፣ በአፋር በረሃ፣ በተራራው እየተጎተተ መሃል አገር ይገባል። ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የወጪ ገቢ ንግዳችን በዚያው በጅቡቲ በኩል ነው የሚያልፈው። በሐምሌ 2013 በአፋርና በሶማሌ ክልል መካከል ግጭት ሲነሳ ወጣቶች መንገዱንም ባቡሩንም ዘጉት። የውጭ ጠላት አላስፈለገም፣ ማዕቀብ አላስፈለገም፤ የተናደደ ወጣትና ድንጋይ በቂ ነበር።

ከዚያ በፊት ደግሞ አሰብ አለ። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው አሰብን የሚያውቀው በወደብ ክርክር ነው፤ አሰብ ላይ ሶቪየቶች የሠሩት የነዳጅ ማጣሪያ እንደነበረ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ድፍድፉ ከውጭ ይመጣና እዚያ ይጣራል። ኤርትራ ከተለየችም በኋላ ለእኛ ይሠራ ነበር። በ1989 ዓ.ም. ተዘጋ። በዓመቱ፣ ግንቦት 1990፣ ጦርነት ተነሳ፤ ወደቡም አብሮ ተዘጋብን። ያኔ አገሪቱ በሙሉ ፊቷን ወደ ጅቡቲ አዞረች፤ እስካሁንም አላዞረችውም። ከጅቡቲ እስከ አዋሽ 550 ኪሎ ሜትር የሚዘረጋ የነዳጅ ቧንቧ ለመሥራት መስከረም 2008 ላይ ስምምነት ተፈርሞ ነበር። ቧንቧው የለም። ፊርማው አለ።

የካሉብም ታሪክ ከዚህ አይለይም። ጋዙን የአሜሪካው ቴኔኮ ያገኘው በአብዮቱ ዋዜማ ነው። ደርግ ሶቪየቶችን አምጥቶ ተጨማሪ ጉድጓድ አስቆፈረ። ከዚያ የማሌዥያው ፔትሮናስ መጣ፣ ሄደ። ኅዳር 2006 የቻይናው ፖሊ ጂሲኤል ፈረመ። ሰኔ 21 ቀን 2010 የድፍድፍ ሙከራ ምርት ተጀመረ ተብሎ ጨፈርን፤ ትዝ ይላችኋል፣ ያኔም «ነዳጅ አወጣን» ብለን ነበር። ወደ ጅቡቲ 767 ኪሎ ሜትር የጋዝ ቧንቧ ይዘረጋል ተባለ፤ አልተዘረጋም፤ በ2015 መግቢያ ገደማ ፈቃዱ ተሰረዘ። በዚህ ታሪክ ላይ ተመርኩዞ «ይሄም ወሬ ነው» እያለ የሚሳለቅ ወገን አለ። ከእሱም ጋር አልስማማም፤ ፋብሪካው ቆሟል፣ ዓይን ያለው ያየዋል። ግን ሳቂታውና አጨብጫቢው አንድ የሚጋሩት ነገር አለ፦ ሁለቱም ጥያቄው «ወጣ ወይስ አልወጣም?» የሚል ይመስላቸዋል።

ወጣ እንበል። እንዲያውም ተትረፍርፎ ወጣ እንበል። ከዚያስ? ከዚያማ ናይጄሪያን ማየት ነው። ናይጄሪያ ድፍድፍ ያገኘችው በፈረንጆቹ 1956 ነው። በአፍሪካ ከቀዳሚዎቹ አምራቾች አንዷ ሆና ስታበቃ፣ የመንግሥት ማጣሪያዎቿ በወጉ ሳይሠሩ፣ ለአሥርተ ዓመታት ቤንዚን ከውጭ እየገዛች ኖረች። የሌጎስ ሹፌር በነዳጅ ባሕር ላይ ቆሞ የነዳጅ ሰልፍ ይጠብቅ ነበር። በቀን 650,000 በርሜል የሚያጣራው የዳንጎቴ ማጣሪያ ቤንዚን ማውጣት የጀመረው ገና በፈረንጆቹ 2024 ነው። ከመጀመሪያው ጉድጓድ እስከዚያ 68 ዓመት።

በተቃራኒው ጃፓን አለች። ከመሬቷ የሚወጣ ዘይት የለም ማለት ይቻላል። ግን በ1973ቱ የፈረንጆች የነዳጅ ቀውስ ማግስት የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የኃይል ኤጀንሲ አባላቱን ቢያንስ የ90 ቀን የገቢ ነዳጅ መጠባበቂያ እንዲይዙ ያስገድዳል፤ ጃፓን ከዚያም በላይ ነው የምታከማቸው። ቶኪዮ ያለ የታክሲ ሹፌር የሆርሙዝን ዜና ሰምቶ በሌሊት ተነስቶ ማደያ አይሄድም። ጋዝ የለውም፤ ቀን ግን አለው።

እዚህ ላይ ብዙዎች «ታዲያ ጋዙ ምን ይሁን፣ መሬት ውስጥ ይቅር?» ይሉኛል። አይቅር። ስለ አየር ንብረት የሚነሳውን ክርክር ባጭሩ ልለፈው፦ ሚቴን ሲያፈስ ክፉ ነው፣ ፍሳሹ ይለካ፤ በእንጨትና በከሰል የምታበስል አገር ግን ጋዟን ስለተጠቀመች ከማንም ስብከት አትሰማም። የእኔ ጥያቄ ጋዙ መጀመሪያ ለማን ይሂድ የሚል ነው። እኔ ብጠየቅ ኤሌክትሪክ ሊደርስበት በማይችልበት ቦታ ላይ ነው የምመድበው።

ታክሲና አውቶቡስ በኤሌክትሪክ መሄድ ይችላሉ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ሲከለከል ብዙ ሰው ተማሯል፤ አካሄዱ ድንገተኛ ነበር፣ ቻርጀሩም መለዋወጫውም ሳይደራጅ ነው የመጣው። አቅጣጫው ግን ትክክል ነው ብዬ ነው የማምነው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 የተመረቀው የህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ያ ኃይል ሆርሙዝን አያልፍም፣ በዶላር አይገዛም፣ ጋላፊ ላይ ቦቴ ተሰልፎ አይጠብቀውም። በየከተማው ያለው ትራንስፎርመር ዝናብ በመጣ ቁጥር ካልፈነዳ በስተቀር ማለቴ ነው። ከአገሪቱ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ኤሌክትሪክ አያገኝም፤ የሚያገኘውም በፈረቃ ያህል ነው። ሽቦ መዘርጋትና ትራንስፎርመር መቀየር ሪባን አይቆረጥለትም፣ ለዚህ ነው የሚረሳው።

ግን ዩሪያ ከግድብ በቀላሉ አይሠራም። ዩሪያ በዓለም ላይ በአብዛኛው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው የሚሠራው፤ እኛ ደግሞ ማዳበሪያ በውድ ዶላር እየገዛን፣ ዘግይቶ ሲደርስ ገበሬው ክረምቱ እያለፈበት ሲያለቅስ እናያለን። የያዩ የማዳበሪያ ፋብሪካ ብዙ ቢሊዮን ብር በልቶ ሳያልቅ እንደቀረ የማያውቅ የለም። በነሐሴ 2017 ከዳንጎቴ ጋር ጎዴ ላይ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለመሥራት 2.5 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ ስምምነት ተፈርሟል። ይህ ከተሳካ የካሉብ ጋዝ ከነዳጅም በላይ እንጀራ ይሆናል። ከባድ መኪናውም እንዲሁ፤ ከጅቡቲ እስከ ሞጆ የሚጎትት ባለ ተሳቢ በባትሪ ማስኬድ ዛሬ ለእኛ ቀልድ ነው፣ በጋዝ ግን በዓለም ላይ የሚሠራ ነገር ነው።

እንዲያውም ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ማንም የማያነሳው ነገር አለ። ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ኤሌክትሪካችን የሚመነጨው ከውሃ ነው። ውሃ ደግሞ ሰማይ ሲፈቅድ ነው። በ2001 ዓ.ም. ዝናብ አጥሮ ግድቦች ሲጎድሉ አዲስ አበባ አንድ ቀን እየዘለለች በሻማ ታድር ነበር። እኛ ልጆች ነበርን፤ ለእኛ ጨዋታ ነበር፣ ሱቅ ላለው ሰው ግን ኪሳራ ነው። በደህናው ዓመት ተኝቶ የሚቆይ፣ በድርቅ ዓመት የሚነሳ የጋዝ ማመንጫ ቢኖረን፣ ያ ነው መጠባበቂያ። ለዚያ ደግሞ ጋዙ ሁሉ በረጅም ጊዜ ውል ለውጭ ገዢ አስቀድሞ መታሰር የለበትም። ሞዛምቢክ ጋዟን ስታገኝ ትልቁ ውጥን ወደ እስያና አውሮፓ መርከብ መጫን ነበር። በፈረንጆቹ መጋቢት 2021 ፓልማ ከተማ ስትጠቃ ግን ዋናው ፕሮጀክት ለዓመታት ቆመ። ጋዙ እዚያው ነበር፤ ሰላሙ ነበር የሌለው።

ይሄ ወደምንሸሸው ጉዳይ ይወስደናል። ሚያዝያ 16 ቀን 1999 ዓ.ም. አቦሌ በሚባል የነዳጅ ፍለጋ ካምፕ ላይ በተፈጸመ ጥቃት 65 ኢትዮጵያውያንና 9 ቻይናውያን ተገድለዋል። አብዛኞቹ የቀን ሠራተኞችና ጠባቂዎች የነበሩ ሰዎች ናቸው ደሞዝ ፍለጋ የመጡ። በዚያ አካባቢ ለዓመታት የነበረውን ጦርነትና የሲቪሉን ስቃይ እኛ መሃል አገር ያለን ሰዎች በቅጡ አናውቀውም፤ ለማወቅም ብዙ አልደከምንም። ዛሬ «ጋዛችን» ስንል ያችን «-ችን» የምትል ቅጥያ ማን እንደሚያምናት ሽላቦ ሄደን አልጠየቅንም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 98 ከነዳጅና ከጋዝ የሚገኘው ግብርና ሮያሊቲ የፌደራሉና የክልሎች የጋራ ገቢ ነው ይላል። ጥሩ ነው። ታዲያ ውሉ የት አለ? ከኩባንያው ጋር የተገባው ስምምነት ላይ የመንግሥት ድርሻ ስንት ነው፣ የክልሉ ስንት ነው፣ ለአካባቢው አርብቶ አደር ምን ይደርሳል፣ ምን ያህሉ ጋዝ ለአገር ውስጥ ገበያ ተይዟል? ኢትዮጵያ በ2006 ዓ.ም. በገባችበት ዓለም አቀፍ የማዕድን ዘርፍ ግልጽነት ማዕቀፍ መሠረት፣ በፈረንጆቹ ከ2021 መግቢያ ወዲህ የተፈረመ ውል ለሕዝብ መታተም አለበት። ይህንን የምጠይቀው እኔ ሳልሆን እኛው ፈርመን የገባንበት ደንብ ነው። ጋዙ የሚወጣበት መሬት ላይ የሚኖር ሰው ውሉን በሶማሊኛ ማንበብ ካልቻለ፣ የዚያ ጋዝ ዋስትና የጠባቂው ጠመንጃ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ በ1999 ምን ያህል እንደሚያዋጣ አይተነዋል።

«አንተ ሁሌ ጨለምተኛ ነህ» የሚሉኝ ጓደኞች አሉኝ። አንዱማ «አገር ስትደሰት አንተ ኤክሴል ትከፍታለህ» ብሎኛል። እውነቱን ነው፤ እከፍታለሁ። በሐምሌ 2014 ቤንዚን በሊትር 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር፣ በጥር 2017 ከ100 ብር አልፏል። ያንን ልዩነት የከፈለው ታክሲ የተሳፈረው፣ ቲማቲም የገዛው፣ የልጁን የትምህርት ቤት ሰርቪስ የሚከፍለው ሰው ነው። ለእሱ ሲባል ኤክሴል መክፈት ስድብ አይመስለኝም።

ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ነዳጅ የሚያስገባው የመንግሥት ድርጅት በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋት አንድ ገጽ ያውጣ፦ ዴፖ ውስጥ ያለው ናፍጣ የስንት ቀን ነው፣ ቤንዚኑ የስንት ቀን ነው፣ የአውሮፕላኑ ነዳጅ የስንት ቀን ነው፣ በመርከብ ላይ ያለው ስንት ነው። ከካሉብ የተጫነው ስንት ሊትር ነው፣ የት ደረሰ። «ይሄ የአገር ምስጢር ነው» የሚል ይመጣል። አሜሪካ፣ ጠላት የሌላት አገር ስለሆነች አይደለም፣ የነዳጅ ክምችቷን በየሳምንቱ ለዓለም ትለጥፋለች። ምስጢር ሆኖ የቆየው ቁጥር እስካሁን የጠቀመው በሃይላንድ የሚሸጠውን ሰውዬ ብቻ ነው፤ አጎቴ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ የሚሰለፈው ነገ ይኑር አይኑር ስለማያውቅ ነው። ገጹን ለመሥራት ገንዘብ የለም ከተባለ እኔ በነፃ እሠራዋለሁ፤ አንድ ሠንጠረዥና አምስት ቁጥር ነው፣ ከአንድ ከሰዓት በላይ አይፈጅም። ቁጥሩን ብቻ ይላኩልኝ።